ስለ ጦር ጭነት መኪኖች የፊት መንኰራኵር፤ መቼ እንዲስብ፥ መቼ እንዲያርፍ

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተፈጸመበት ጊዜ ጀምሮ ሠራዊት ያሰናበታቸው የጭነት መኪኖች በየአገሩ ወደ እርሻ፥ ወደ ደንና ወደ መንገድ ሥራ መግባታቸው የታወቀ ነው። እነዚህ መኪኖች ከሌላው የጭነት መኪና የሚለዩበት ዋናው ነገር የኋላው ብቻ ሳይሆን የፊቱም መንኰራኵር በሞተር ኀይል ሊዞር መቻሉ ነው። ሌላው መኪና ተይዞ በሚቀርበት ጭቃ እነርሱ የሚያልፉት በዚህ ኀይል ነው። ነገር ግን ይኸው የፊት መንኰራኵር ያለ ጊዜው እንዲስብ ከተደረገ መኪናውን ከውስጥ ይሰብረዋል። ብዙ ነጂዎች «ሁሉም ሲስብ ይሻላል» በማለት እጀታውን አስገብተው በደረቅ መንገድ ይነዳሉ፤ ጕዳቱም ወዲያው ስለማይታይ ጥፋታቸውን አያውቁትም። ጥርሱ ወይም ዘንጉ በተሰበረ ጊዜ ግን የመኪናው ዕድሜ ብዙ ነውና መለዋወጫው እንደ ልብ አይገኝም፤ እህሉም በአውድማ እንደ ተከመረ ይቈያል። ስለዚህ መኪናውን የሚያዝዝ ሹም ነገሩን ለነጂው ብቻ ሳይተው አሠራሩን ራሱ ሊያውቀው ይገባል።

የሞተሩ ኀይል በፍሪሲዮን አልፎ ወደ ካምቢዮ ይገባል። በተራው መኪና ከካምቢዮ የሚወጣው ዘንግ በቀጥታ ወደ ኋላው ዲፈረንሻል ይሄዳል። በጦር መኪና ግን በመካከል አንድ ሌላ የብረት ሣጥን አለ፤ መካኒኮች ትራንስፈር ይሉታል፤ ማካፈያ ሣጥን ቢባል ሥራውን በደኅና ይገልጸዋል። ይህ ሣጥን ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ከካምቢዮው የመጣውን ኀይል ለኋላና ለፊት አክስል ማካፈል ነው። ሁለተኛው በካምቢዮው ማርሾች ላይ አንድ ቀላልና አንድ ከባድ ማርሽ መጨመር ነው፤ ካምቢዮው አምስት ማርሽ ቢኖረው በማካፈያው ምክንያት ዐሥር ይሆናል ማለት ነው። በአብዛኞቹ አሮጌ የጦር መኪኖች ማካፈያ ሣጥን ውስጥ ግን ዲፈረንሻል የለም። የፊቱ አክስል ከኋላው ጋራ በተያያዘ ጊዜ ሁለቱ በብረት እንደ ታሰሩ ይቈጠራሉ፤ አንዱ አንድ ጊዜ ሲዞር ሌላውም አንድ ጊዜ መዞር ግዴታው ነው። መከራው ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ነገሩን ለመረዳት የተጠመዱትን በሬዎች ማሰብ ይበቃል። በእርሻው ዳር ሲታጠፉ የውስጡ በሬ ባለበት ሊረግጥ ጥቂት ሲቀረው የውጭው በሬ ሰፊ ዙሪያ ይሄዳል። ሁለቱ በመታጠፊያው ላይ እኩል እርምጃ እንዲራመዱ ቢገደዱ አንዱ ይጐተታል፥ ወይም ቀንበሩ ይሰበራል። መኪናም በመጠምዘዣ ላይ እንዲሁ ነው። በግራና በቀኝ መንኰራኵር መካከል ያለውን ልዩነት በየአክስሉ ያለው ዲፈረንሻል ያስታርቀዋል። በፊትና በኋላ መካከል ያለውን ልዩነት ግን የሚያስታርቀው የለም፤ የፊት መንኰራኵር በመጠምዘዣ ላይ ሁልጊዜ ከኋላው የሰፋ ክብ ይሄዳልና።

ልዩነቱ ትንሽ መስሎ የሚታየው ሰው በቍጥር ይየው። ከፊት አክስሉ አንሥቶ እስከ ኋላዎቹ ሁለት አክስሎች መካከል ድረስ 4 ሜትር ከ17 ሳንቲ ሜትር የሆነ መኪና ይታሰብ። የኋላው ክፍል ከክቡ መካከል 10 ሜትር ርቆ ቢዞር የፊቱ አክስል 10 ሜትር ከ83 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ ይዞራል። እንግዲህ የኋላው 100 ሜትር ሲሄድ የፊቱ 108 ሜትር መሄድ አለበት። በብረት የታሰሩ ከሆኑ ይህ 8 ሜትር በመንሸራተት ብቻ ይገኛል።

ቀጥ ባለ መንገድም ቢሆን ሰላም የለም፤ ጎማው እኩል ካልሆነ ጠቡ ይቀጥላል። የፊቱ ጎማ አዲስ ሆኖ ቁመቱ 92 ሳንቲ ሜትር፥ የኋላው ተበልቶ 90 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፥ በአንድ ዙር የ6 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ይኖራል። ይህም በአንድ ኪሎ ሜትር ወደ 22 ሜትር ይደርሳል። ነፋሱ ያነሰ ጎማም ከተበላ ጎማ ጋራ አንድ ዐይነት ጕዳት ያመጣል፤ ይህን ግን ነጂው በአንድ ደቂቃ ሊያርመው ይችላል።

በጭቃ፥ በአሸዋና በታረሰ መሬት ላይ መንኰራኵሩ በቀላሉ ስለሚንሸራተት ይህ ልዩነት በየጊዜው እየተፈታ ያልፋል። በአስፋልትና በደረቅ ጠንካራ መሬት ላይ ግን ጎማው ይይዛል፤ ስለዚህ ልዩነቱ ወደ ውስጥ ይመለስና ዘንጎቹን እንደ ገመድ ያከራቸዋል። የዚህም ምልክቶች የታወቁ ናቸው። መሪው ይከብዳል፤ መኪናው ፍሬን እንደ ተያዘ ሆኖ ይጐተታል፤ ጎማው ሲዞር ይጮኻል፤ ከሁሉ በላይ የፊቱን አክስል የሚለየው እጀታ አልወጣም ብሎ ይነክሳል። በዚህ ጊዜ እጀታውን በመዶሻ መምታት ወይም ሁለት ሰው ሆኖ መጐተት ትልቅ ስሕተት ነው። መኪናውን ጥቂት ወደ ኋላ ቢመልሱት የከረረው ይፈታል፤ ይህም እንቢ ቢል ከፊት መንኰራኵሮች አንዱን በክሪክ ከመሬት ቢያነሡት መንኰራኵሩ ራሱ ዞሮ ይላቀቃል። ሲላቀቅ በድንገት ነውና እጅ በአጠገቡ መኖር የለበትም።

የፊቱ አክስል መቼ እንዲስብ የሚወስነው ማን ነው የሚለውን ጥያቄ መሐንዲሶች በየዘመኑ በልዩ ልዩ መንገድ መልሰውታል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ ባውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው መልስ ነጂው ይወስን የሚል ነው። ለዚህ ዋናው ምሳሌ የአሜሪካ ጀኔራል ሞተርስ ኩባንያ ከ1941 እስከ 1945 ከግማሽ ሚሊዮን በላይ አድርጎ የሠራው፥ በሜዳ 2 ቶን ተኩል እንዲጭን የታሰበው፥ ሲ ሲ ኬ ደብልዩ የተባለው መኪና ነው። ስሙ ራሱ ትርጓሜ አለው፤ የመጀመሪያው ፊደል የተነደፈበትን 1941 ዓመት፥ ሁለተኛው የነጂውን ክፍል ዐይነት፥ ኬ የሚለው የፊት አክስሉ የሚስብ መሆኑን፥ ደብልዩ የሚለው ደግሞ ሁለት የሚስቡ የኋላ አክስሎች ያሉት መሆኑን ያመለክታል። ኬ የሌለበት፥ ፊቱ የማይስብ ወንድምም ነበረው። ከነጂው አጠገብ ሦስት እጀታዎች ይቆማሉ፤ አንዱ የካምቢዮው፥ ሁለተኛው የማካፈያው ቀላልና ከባድ ማርሽ፥ ሦስተኛው የፊት አክስሉ ማስገቢያና ማውጫ ነው። ይህ ሦስተኛው እጀታ በሣጥኑ ውስጥ ጥርስ ያለውን አንድ ቀለበት በዘንጉ ላይ ወዲያና ወዲህ ያንሸራትተዋል፤ ቀለበቱ ወደ ፊት የሚሄደውን ዘንግ ጥርስ ሲነክስ ፊቱ ይስባል፥ ሲለቅቀው ያርፋል። ከዚህ የቀለለና የማይታለል መሣሪያ ማግኘት ያስቸግራል።

ቀለበቱ ግን የሚነክሰው ሁለቱ ዘንጎች በእኩል ፍጥነት ሲዞሩ ብቻ ነው። ስለዚህ ጠንቃቃ ነጂ ጭቃው ሳይደርስ፥ መኪናው ቀጥ ብሎ በዝግታ በሚሄድበት ጊዜ እጀታውን ያስገባል። ሰነፉ ነጂ ግን ከተያዘ በኋላ፥ የኋላዎቹ መንኰራኵሮች ጭቃ እየረጩ በከንቱ ሲፈተሉ፥ የቆመውን የፊት ዘንግ ከሚፈተለው ጋራ ሊያጋጥም ይታገላል። ከሣጥኑ የሚሰማው የብረት ጩኸት የጥርሶቹ ጫፍ ሲሸረፍ ነው። ሁልጊዜ እንዲህ ሲደረግበት የኖረ ቀለበት በመጨረሻ ጥርሱ ክብ ይሆንና ሸክም በበዛበት ጊዜ ራሱ እየተንሸራተተ ይወጣል።

የዚህ መኪና ትልቁ ሥራ ከ25 ኦገስት እስከ 16 ኖቬምበር 1944 ድረስ በፈረንሳይ አገር የታየው፥ ቀይ ኳስ የተባለው የስንቅ መንገድ ነው። የአሜሪካ ሠራዊት ከኖርማንዲ ባሕር ዳር እየራቀ በሄደ ጊዜ ቤንዚንና ጥይት በእነዚህ የጭነት መኪኖች ይመላለስለት ነበር። ከነጂዎቹ ከአራቱ ሦስቱ እጅ ጥቍር አሜሪካውያን ነበሩ። በ29 ኦገስት አንድ ቀን ብቻ 5,958 መኪኖች ከ12,000 ቶን በላይ አድርሰዋል። ብዙ ጊዜ በሜዳ ከተፈቀደው ሸክም እጥፍ ይጭኑ እንደ ነበር ይነገራል። ይህን መንገድ እዚህ ማንሣት ያስፈለገው መንገዱ ጠንካራ የተጠረገ መንገድ ስለ ነበር ነው፤ በእንደዚያ ያለ ሸክምና መንገድ ላይ የፊቱን አክስል አስገብቶ የሚነዳ ሰው ጎማውንና ማካፈያውን ፈጥኖ ይጨርሳል። ስድስት ሳቢ መንኰራኵር ያለው መኪና ከሁሉ የታወቀበትን ሥራ የሠራው በአራቱ እየተሳበ በሚሄድበት መንገድ ላይ መሆኑ ለነጂዎች ሊነገር የሚገባው ነው።

በዚያው ዘመን በተሠራው በትንሹ ጂፕ ላይ አንድ ተጨማሪ ጥበቃ አለ። በጂፑ ማካፈያ ውስጥ ያለው ከባድ ማርሽ ኀይሉን ወደ ሁለት እጥፍ ያህል ያበዛዋል፤ ይህ ሁሉ ኀይል በኋላ አክስል ላይ ብቻ ቢወርድ ዘንጉን ሊቈርጠው ይችላል። ስለዚህ በእጀታዎቹ መካከል ትንሽ መከልከያ ብረት ተደርጓል፤ ፊቱ ሳይገባ ከባዱ ማርሽ አይገባም። አንዳንድ ሰው መኪናውን ሲያድስ ይህን ብረት «ትርፍ ነው» ብሎ ያወጣዋል፤ ትርፍ ግን አይደለም።

ሁለተኛው መልስ ነጂውን ትቶ መሬቱ ራሱ ይወስን የሚል ሆነ። ይህ በ1950 የሪዮ ኩባንያ ማበጀት በጀመረው ኤም 35 በተባለው መኪና ላይ ይገኛል። በፊተኞቹ የዚህ ዐይነት መኪኖች ላይ የፊት አክስሉን የሚያስገባ እጀታ ነጂው ቢፈልግ አያገኝም። በእጀታው ፈንታ በማካፈያ ሣጥኑ ውስጥ ሁለት ክብ ቀለበቶች አንዱ በሌላው ውስጥ ተቀምጠዋል፤ በመካከላቸውም ትንንሽ የብረት ሽብልቆች ተደርድረዋል። ውስጠኛው ቀለበት በሞተሩ ይነዳል፤ ውጫዊው ከፊት አክስሉ ጋራ የተያያዘ ነው። ውጫዊው ከውስጠኛው ፈጥኖ በዞረ ጊዜ ሽብልቆቹ ይተኛሉ፤ ውስጠኛው ሊቀድም በፈለገ ጊዜ ግን ሽብልቆቹ ቀጥ ብለው ይቆሙና ሁለቱን እንደ አንድ አካል ያጣብቋቸዋል። ብስክሌት የነዳ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ፔዳሉን ሲያቆም የኋላው መንኰራኵር ብቻውን ይዞራል፥ ፔዳሉን ሲረግጥ ግን ይያዝለታል።

ብልሃቱ ያለው በጥርሶቹ ቍጥር ላይ ነው። ወደ ፊት አክስል የሚሄደው ኀይል ወደ ኋላ ከሚሄደው በጥቂቱ ዝግ ብሎ እንዲዞር ተደርጎ ጥርሶቹ ተመጥነዋል። ስለዚህ በመልካም መንገድ የፊት መንኰራኵሮች መሬቱ ሲያዞራቸው ከሚነዳቸው ቀለበት ይፈጥናሉ፥ ሽብልቆቹም ተኝተው ይሄዳሉ። በመጠምዘዣም የፊቱ ይብሱን ስለሚፈጥን ከላይ የተነገረው ጠብ አይነሣም። የኋላዎቹ በጭቃ ሲንሸራተቱ ግን የመኪናው አካሄድ ከዘንጉ መዞር ወደ ኋላ ይቀራል፤ ውስጠኛው ቀለበት ውጫዊውን ይደርስበታል፤ በዚያችው ቅጽበት ፊቱ ይስባል። ነጂው ምንም አላደረገም፤ ብዙ ጊዜም ምን እንደ ሆነ አያውቅም። እውነቱን ለመናገር ይህ እጅግ የሚያምር አሳብ ነው።

ዋጋው ግን አልቀረም። በመጀመሪያ፥ ልዩነቱ ጥቂት ስለሆነ ጎማ ያበላሸዋል። አዲሱን ጎማ ከፊት፥ የተበላውን ከኋላ ያደረገ ሰው የፊቱን መዞር ያዘገያል፥ የኋላውን ያፈጥናል፤ በጥርስ ቍጥር የተገኘውን ልዩነት በጎማ መልሶ ያጠፋዋል። ያን ጊዜ ሽብልቆቹ በደረቅ አስፋልት ላይ እየቆሙ ይውላሉ፤ ነጂውም የሚያወጣው እጀታ የለውም። ሁለተኛ፥ በቍልቍለት ጊዜ የሞተሩ ማዘግየት በፊቱ አክስል ላይ አይደርስም፤ የፊቱ መፍጠን የተፈቀደ ነውና። በሚያንሸራትት ቍልቍለት መኪናውን የሚይዙት የኋላዎቹ ብቻ ናቸው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ወደ ኋላ መሄድ ነው። ወደ ፊት ለመሄድ የተዘጋጁት ሽብልቆች መኪናው ወደ ኋላ ሲሄድ ሥራቸው ይገለበጣል፤ የፊቱ መንኰራኵር ወደ ኋላ ፈጥኖ ሲዞር ለሽብልቆቹ እንደ ዘገየ ይቈጠርና ያጣብቃቸዋል። ጥርሶቹም በልዩነት የተመጠኑ ስለሆኑ በደረቅ መሬት የተጣበቁት ፊትና ኋላ በእያንዳንዱ ዙር ይበልጥ እየተጣሉ ይሄዳሉ። ይህን ለማስቀረት ለኋላ ጕዞ ሌላ ተራ ሽብልቅ ተበጅቷል፤ ከካምቢዮው የኋላ ማርሽ ጋራ በዘንግ ተያይዞ ነጂው የኋላ ማርሽ ሲያስገባ አብሮ ይለወጣል። ሰንሰለቱ ሁሉ የቆመው በዚህች አንዲት ማያያዣ ዘንግ ልክ ላይ ነው። ዘንጓ ብትታጠፍ፥ ማያያዣዋ ብትበላ፥ ወይም ጠጋኙ ዳዶዋን በግምት ቢያስር፥ ካምቢዮው ወደ ኋላ ሲል ማካፈያው ገና ወደ ፊት እንደ ተዘጋጀ ይቀራል። መኪናው ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ሄዶ ይከብዳል፤ ነጂው «ተይዞ ነው» ብሎ ቤንዚን ይጨምራል፤ ሣጥኑም ይፈነዳል። ይህ በሽታ መኪናውን ለሚያውቁት መካኒኮች የተለመደ ነው።

ከዚህ የተነሣ ለዚህ መኪና ነጂ ሁለት ትእዛዝ አለ። ወደ ኋላ ማርሽ ሲያስገባም ሆነ ሲያወጣ መኪናውን ፈጽሞ ያቁም። በዳገት ላይ ሞተሩ ቢጠፋበት ደግሞ የፊት ማርሽ እንደ ገባ ፍሪሲዮን ረግጦ መኪናውን ወደ ኋላ አይልቀቅ፤ ፍሬን ይያዝ፥ የኋላ ማርሽ ያስገባና በሞተር ኀይል ይውረድ።

ሦስተኛው መልስ ለዚህ ችግር የተገኘ ነው። በኋለኞቹ የኤም 35 ዐይነቶች ላይ ሽብልቆቹ ቀርተው ጥርስ ያለው ቀለበት ተመለሰ፤ የሚገፋው ግን የነጂው ክንድ ሳይሆን ለፍሬን የሚጠራቀመው የታመቀ ነፋስ ነው። ነጂው በፊቱ ያለውን መክፈቻ ሲያዞር ነፋሱ ቀለበቱን ያስገባዋል፤ ሲዘጋው ሞላው ይመልሰዋል። ስለዚህ ሠራዊቱ ከነጂው እጅ ወስዶ ለሽብልቅ የሰጠውን ሥልጣን መልሶ ለነጂው ሰጠ። አንዳንዶች ይህን ወደ ኋላ መመለስ ይሉታል፤ ነገር ግን ያወቀ ነጂ ጭቃውን ከሩቅ ያየዋል፥ ሽብልቅ ግን መንኰራኵሩ መንሸራተት ሳይጀምር ምንም አያይም።

ባውሮፓ አቈጣጠር ከ1977 ወዲህ ከሶቪየት ኅብረት ወደ ኢትዮጵያ በገባው የጦር ዕቃ ስማቸው የተለመደው ዚልና ኡራልም ይህንኑ ጥያቄ በየራሳቸው መልሰዋል። በ1966 መሠራት የጀመረው ዚል 131 የፊት አክስሉን በኤሌክትሪክ በሚከፈት ነፋስ ያስገባል፤ ከባዱ ማርሽ ሲገባ ፊቱ ሳይታዘዝ አብሮ ይገባል፤ የጂፑ መከልከያ ብረት አሳብ በሌላ መልክ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ኡራል 375 ዲ ግን ጥያቄውን ከነጭራሹ አስቀርቶታል፤ ፊቱ ሁልጊዜ ይስባል፥ ልዩነቱን የሚያስታርቅ ዲፈረንሻል በማካፈያ ሣጥኑ ውስጥ ተቀምጧል። ይህን ዲፈረንሻል በጭቃ ጊዜ የሚቈልፍ እጀታ አለው፤ ተቈልፎ በደረቅ መንገድ ከተነዳ ኡራልም ከሌላው አይለይም።

አንድ ነገር ደግሞ ከትራክተር ጋራ ሲነጻጸር ይታወቃል። ከትላልቁ የኋላ መንኰራኵር ጋራ የሚያግዝ አነስ ያለ ሳቢ የፊት መንኰራኵር ያላቸው ትራክተሮች ከኤም 35 ተቃራኒ ናቸው፤ ፊታቸው ከኋላው በጥቂቱ ፈጥኖ እንዲጐትት ሆን ተብሎ ተመጥኗል። ይህ በታረሰ መሬት ይጠቅማል፥ በጥርጊያ መንገድ ግን የፊቱን ጎማ በፍጥነት ይበላዋል፤ ስለዚህ ትራክተሩ ከእርሻ ወጥቶ መንገድ ሲይዝ ፊቱ መውጣት አለበት። የጎማውም ልክ በፋብሪካው ከተወሰነው ውጭ ሊለወጥ አይገባም።

አሮጌ መኪና ለሥራ ከመቀበል በፊት የማካፈያውን ደኅንነት ያለ ብዙ መሣሪያ መመርመር ይቻላል። መኪናው በደልዳላ ቦታ ይቁም፤ ሞተሩ ይጥፋ፤ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፤ የኋላዎቹ መንኰራኵሮች በድንጋይ ይደገፉ፤ የፊት ማርሽ ይግባ፤ ከፊት መንኰራኵሮች አንዱ በክሪክ ይነሣና በእጅ ይዙር። እጀታ ያለው መኪና ከሆነ፥ እጀታው ሲወጣ መንኰራኵሩ ወደ ሁለቱም ወገን ይዞራል፥ ሲገባ ወደ ሁለቱም እንቢ ይላል። ሽብልቅ ያለው ከሆነ ወደ ፊት ይዞራል፥ ወደ ኋላ እንቢ ይላል፤ የኋላ ማርሽ በደንብ ሲገባ ደግሞ ይህ ይገለበጣል። ካልተገለበጠ የማያያዣዋ ዘንግ ልክ ተበላሽቷልና እስክትስተካከል ድረስ መኪናው ወደ ኋላ መነዳት የለበትም። ፊቱ ዐረፈ ማለት ቆመ ማለት እንዳልሆነም መታወቅ አለበት፤ ከማካፈያው ቢለይም መንኰራኵሮቹ የፊቱን ዲፈረንሻልና ዘንግ ሲያዞሩ ይውላሉ። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ሳይስብ የኖረው የፊት አክስል ዘይቱ ከኋላው ጋራ አብሮ ይታያል፤ እጀታውም ከክረምት በፊት በለስላሳ መሬት ላይ ጥቂት ጊዜ ገብቶ ይወጣል።